ፈርሞ የወሰደ ሰው

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ የሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ 25ኛ ዓመት ሊታሰብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ ጎንደር በምሠራበት የሬዲዮ ጣቢያ የግማሽ ሰዓት ዝግጅት እንዳሰናዳ ታዘዝሁ። ስክሪፕቱን በአራት ቀን ጨርሼ ለዋና አዘጋጃችን ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ሲመለስልኝ ሌላው ገጽ ሁሉ እንደነበረ ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ብቻ «የገዥው ፓርቲ የወጣት ክንፍ የነበረው ኢንተርሃምዌ» የሚለው በቀይ እስክርቢቶ ተሰርዞ፣ ከበላዩ «ያልታወቁ ታጣቂ ወጣቶች» ተብሎ ተጽፏል።

ቢሯቸው ገባሁ። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች እኮ የታወቁ ናቸው» አልኋቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንቺ የምትጽፊው ስለ ሩዋንዳ ነው፤ አድማጩ የሚሰማው ግን ስለ ሰፈሩ ነው። ፓርቲና ወጣት፣ ወጣትና ጠመንጃ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ነገ የሚደወለው ለእኔ ነው» አሉኝ። በዚያ ዓመት በየክልሉ የወጣት አደረጃጀት ስም በሰው ሁሉ አፍ ላይ ስለነበር፣ ፍርሃታቸው ከሜዳ የተነሣ እንዳልነበር አውቃለሁ። ከዚያ በፊትም በእኔ ስሕተት የመጣን ቁጣ ራሳቸው ተቀብለው ያለፉልኝ ሰው ናቸው።

ቢሆንም ዝም ማለት አልቻልሁም። ኢንተርሃምዌ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ሃቢያሪማና ፓርቲ የወጣት ክንፍ ሆኖ የተቋቋመ፣ በኋላም በመንግሥት ጦር ሰፈሮች ውስጥ የሠለጠነ ድርጅት እንደነበር፣ በሩዋንዳ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ጄኔራል ዳሌር ጥር 3 ቀን 1986 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ በላኩት መልእክት 1,700 ሰዎች በጦሩ ሰፈሮች መሠልጠናቸውንና በ40 በ40 ተከፍለው በኪጋሊ መሰማራታቸውን ከውስጥ አዋቂ ሰምተው ማስጠንቀቃቸውን፣ ጭፍጨፋው የተጀመረው ግን ከሦስት ወር ገደማ በኋላ መሆኑን እየዘረዘርሁ ነገርኋቸው። ስማቸው ራሱ «አብረው የሚነሡ» እንደማለት መሆኑን፣ በዚያ ወራት መግደል «ሥራ» ይባል እንደነበርም ጨመርሁ። አዘጋጃችን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰሙኝና፣ «እውነት አይደለም አላልሁሽም። በዚህ ቃል ይሂድ ነው ያልሁሽ» አሉ።

ሄደ። መጋቢት 29 ቀን ዝግጅቱ በአንባቢው ድምፅ ሲተላለፍ፣ በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ የተገደሉትን 800 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች የገደሏቸው «ያልታወቁ ታጣቂ ወጣቶች» ሆኑ። እኔ ስቱዲዮው ውስጥ ከቴክኒሻኑ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ያቺ ቃል ስታልፍ ዓይኔን ከመስታወቱ አነሣሁ።

ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈሉልን እናት ስኒውን ሲያቀብሉኝ እጃቸውን አልመለሱም። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ተወልደው ያደጉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ስለ ሥራችን ተናግረው አያውቁም ነበር። «ልጄ፣ ጠዋት በሬዲዮ ያልታወቁ ያላችኋቸው እነማን ናቸው?» አሉኝ። የሩዋንዳ ነገር መሆኑን ነገርኋቸው። «የእኛንም ያልታወቁ ይሏቸው ነበር» አሉና ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

የነገሩኝ በ1970 ዓ.ም. የሆነውን ነው። ጎንደር በደርጉ ሹም በሻለቃ መላኩ ተፈራ እጅ በነበረችበት፣ ያለ ፍርድ መግደል «ነፃ እርምጃ» ይባል በነበረበት ዘመን፣ ወንድማቸውን ሌሊት ከቤት የወሰደው የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አባል የሆነ የጎረቤት ልጅ ነበር። ልጁ ሊወስደው ሲገባ ጠመንጃውን በሩ ላይ አስደግፎ ውኃ ለመነ፤ እሳቸውም በጣሳ ቀድተው ሰጡት። በጠመንጃው ሰደፍ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። በማግሥቱ ወንድማቸውን ፍለጋ ቀበሌ ሲሄዱ፣ ያው ጠመንጃ ከግድግዳው ጋር ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ፣ ልጁ ደግሞ ትልቅ መዝገብ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲፈርም አገኙት። «ማታ ፈርሞ ይወስዳል፤ ጠዋት ፈርሞ ይመልሳል። ፈርሞ የወሰደ ሰው እንዴት ያልታወቀ ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሊቀመንበሩ ግን፣ መዝገቡ ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ ወንድማቸውን የወሰዱት ማን እንደሆኑ አይታወቅም ብሎ መለሳቸው።

እኔ ከስንት ሰነድ ለቅሜ ለአዘጋጃችን ላስረዳ ያልቻልሁት ነገር ይህ ነበር። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ለመንግሥት ሁለት ጊዜ ያገለግሉታል፤ ሲሠሩለት እጁ ናቸው፣ ሲጠየቅባቸው ደግሞ ባዕድ ይሆኑለታል። ለሁለተኛው አገልግሎት ጠመንጃ አያስፈልግም፤ እንደ እኔ ያለ ጸሐፊ አንዲት ቃል ከተወለት ይበቃዋል። በዚያ ቀን ያንን ቃል የተውሁት እኔ ነኝ፤ የሰረዘው የአዘጋጃችን እስክርቢቶ ነው ብዬ ልቤን ላሳርፍ አልቻልሁም።

በማግሥቱ የዣን ካምባንዳን የፍርድ ውሳኔ ወደ አማርኛ መልሼ ይዤ ገባሁ። ካምባንዳ በጭፍጨፋው ወራት የሩዋንዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ በ1990 ዓ.ም. አሩሻ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነው ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው ሰው ናቸው። ካመኑት ውስጥ፣ ከጭፍጨፋው በፊት ፓርቲዎች ከጦሩ ጋር ተባብረው የወጣት ክንፎቻቸውን ማሠልጠን መጀመራቸውና መንግሥታቸው ለእነዚሁ ወጣቶች መሣሪያ ማደሉ ይገኝበታል። ቡና የሚያፈሉልንን እናት ታሪክም፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ ለአዘጋጃችን ነገርኋቸው።

አዘጋጃችን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ አውጥተው በራሳቸው ቀይ ቀለም የጻፉትን ሰረዙና፣ «የገዥው ፓርቲ የወጣት ክንፍ» የሚለውን መልሰው ግርጌው ላይ ፈረሙ። «ለእሑዱ ድጋሚ ስርጭት ይህ ይነበብ» አሉ። አንባቢው አዲሱን ገጽ ዓርብ ቀዳልኝ።

እሑድ በሰዓቱ ሬዲዮዬን ከፍቼ ጠበቅሁ። የተላለፈው ሙዚቃ ነበር። ሰኞ ስጠይቃቸው ዓይኔን ሳያዩ፣ «ከበላይ ተደውሎ ነው» አሉኝ፤ ማን እንደደወለ ግን አልነገሩኝም። ቡና የሚያፈሉልን እናት ዝግጅቱን ለመስማት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀደም ብለው መውጣታቸውን ነገሩኝ። ፊርማ ያለበት ሦስተኛው ገጽ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።