አፉን ያልፈታው ልጄ

ከቤሩት ስመለስ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። አፉን አልፈታም። ኮዬ ፈጬ እህቴ ኮንዶሚኒየም ነው ያረፍነው። ገና ሻንጣ ሳንፈታ ምክሩ ጀመረ። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» አለች እናቴ። ጎረቤት ጠበል አለች። መዋለ ሕፃናቱ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጠርተው «ኦቲዝም ነው፣ ሌላ ቦታ ሞክሪ» አሉኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ቤት ስሠራ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያሳደግኩት፤ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ኦቲዝም የአንጎል እድገት ልዩነት እንደሆነና ከአስተዳደግ ጉድለት እንደማይመጣ ያወቅኩት በኋላ ነው።

እውነት ነው፣ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። በረንዳ ላይ ሆኖ የአህያ ጋሪ ሲያይ በጣቱ ይጠቁምና ዞሮ ፊቴን ያያል። «አየሽ?» የሚል ይመስላል። በጠርሙስ ክዳን ቡና ቀድቶ ይሰጠኛል፤ እስክጠጣለት ዓይን ዓይኔን ያያል።

ሐኪም ቤት ወስጄው ይህን ስነግራት ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሕፃናት ያዩትን ለሰው ለማሳየት መጠቆምና የማስመሰል ጨዋታ ይከብዳቸዋል። በደንብ የማይሰማ ልጅ ግን በቃል ያጣውን በእጁና በፊቱ ይናገራል። «መጀመሪያ ጆሮውን እናስመርምር» አለችኝ። በር ሲላተም ይደነግጣል እኮ ብዬ ተከራከርኩ። ለካ የበር ድምፅ የሚሰማ ልጅ ንግግር ላይለይ ይችላል። ሁለቱም ጆሮዎቹ መካከለኛ የመስማት ችግር አለባቸው። ኦቲዝምና የመስማት ችግር አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙም ስለሚችሉ ክትትሉ አልተቋረጠም።

ከታች ያለችው የጎረቤታችን ልጅ ተቃራኒው ናት። አራት ዓመቷ ነው። የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቃል በቃል ትወጣዋለች፤ ሁሉም «ጎበዝ!» ይላታል። ውሃ ሲጠማት ግን አትጠይቅም። የእናቷን እጅ ይዛ፣ ፊቷን ሳታይ፣ ጀሪካኑ ላይ ታሳርፈዋለች። ኦቲዝም የተገኘው እሷ ላይ ነው። ስለምትናገር ማንም አልጠረጠረም ነበር። ለእናቷ ስለ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነገርኳት። እሳቸውም ከአሜሪካ ተመልሰው ነው፣ በገዛ ልጃቸው ምክንያት፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት።

ልጄ የመስሚያ መሣሪያ ካደረገ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት ምሳ ላይ ከውጭ «ቆራሌው!» ተባለ። ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን አቆመ። ወደ በረንዳው ጠቆመ፤ ከዚያ ዞሮ ፊቴን አየ።