ደንጋጣ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ድንገት በረዶ ወረደ። እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ቆርቆሮው ገና መንኳኳት ሲጀምር ወንድሜ ሲኒውን ለቀቀው። ዞር ስል አልጋው ጥግ ተሸጉጧል፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። ማናችንም ምንም አላልንም። እማዬ ስባሪውን ለቀመችና «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ብላ ሌላ ሲኒ አጠበች።

ይሄ ልጅ እኮ በፊት ሰርግ ላይ ጥይት ሲተኮስ ቀለሃ ለመልቀም የሚሽቀዳደም ነበር። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ግን ሰፈሩ ሁሉ «ደንጋጣ ሆነ» ይለዋል። ጎንደር ላይ ወንድን ደንጋጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያናድደኛል።

ሐኪሞቹ ፒቲኤስዲ ይሉታል፣ ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። ድሮም ነበረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከመድፍ ፍንዳታ ጋር አያይዘው ይጠሩት ነበር፣ ስንቱ ወታደርም ፈሪ ተብሎ ተዋርዶበታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ስሙ የሕመሞች መዝገቡ ውስጥ ያስገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል የለውዝ ፍሬ የምትመስል ክፍል አለች፣ አደጋ ሲመጣ የምትጮኸው እሷ ናት። ክፉ ነገር ካየች በኋላ በትንሹም በትልቁም ልትጮህ ትችላለች። በረዶውን በረዶ ነው ብሎ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አትሰጥም። መባነኑ፣ ቅዠቱ፣ ያንን ነገር ከሚያስታውስ ሁሉ መሸሹ ከወር በላይ ከዘለቀ ሕመም ነው፣ ይታከማል። ጠበሉን ወስደነዋል፣ ደስ ብሎኛል፣ ግን ሐኪምም ይየው ነው የምለው። ሕመሙ አንድ ምሽግ ውስጥ አብረው ከነበሩት አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተወው ይችላል። ታዲያ ይሄ የወኔ ጉዳይ ነው?

ደግሞ ጦርነት ብቻ አይደለም መንስኤው። መደፈር፣ ድብደባ፣ የሰው ድንገተኛ ሞት፣ የመኪና አደጋ።

የመኪና አደጋ የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ሊማሊሞ ላይ ሚኒባሳችን ከተገለበጠ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔ ክንዴን ቆሰልኩ እንጂ ደህና ነኝ፣ ለሁሉም የምለው እንደዚያ ነው። ግን የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተኝ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ከታክሲም ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። አምና አዲ አርቃይ ያለችው አክስቴ ስታርፍ ለቅሶ አልሄድኩም። «ሥራ በዛብኝ» አልኩ። ያቺ አዝላ ያሳደገችኝ አክስቴ! የአጎቴ ልጆች እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል፣ እውነታቸውን ነው። ሥራ አልነበረኝም። የቀረሁት መንገዱን ፈርቼ ነው፣ ይህንን ለራሴም ስናገር ገና ዛሬ ነው።

ወንድሜ አሁን ከጎኔ ክፍል ተኝቷል፣ ሲገላበጥ አልጋው ይሰማኛል። እሱን ታከም፣ ተናገር እያልኩ ስጨቀጭቀው የኔን አንድም ቀን አንስቼለት አላውቅም። ነገ ቡና ላይ ብነግረው ይቀለው ይሆን? ወይስ የሱ ሳያንሰው የኔን ልጨምርበት ነው?