ከስክሪኑ በፊት ጣሳው፦ የቦል ሚልና የሳይክሎን ቁጥጥር ማስታወሻ

ቦል ሚል ድንጋይን በብረት ኳስ የሚፈጭ ወፍጮ ነው፤ ሳይክሎን ደግሞ የተፈጨውን አሽከርክሮ ደቃቁን ከሸካራው ይለያል፣ ሸካራውም ወደ ወፍጮው ይመለሳል። የተፈጨው ድንጋይ ሸካራ ሆኖ ሲወጣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምንነካካው ፒአይዲውን፣ ማለትም ፓምፑንና ውሃውን በራሱ የሚያስተካክለውን ተቆጣጣሪ ነው። መጀመሪያ ግን መለኪያው እውነቱን እየተናገረ እንደሆነ ይጣራ። ቧንቧው ላይ የተገጠመው የጨረር ዴንሲቲ ጌጅ (የድንጋይና የውሃውን ድብልቅ እፍጋት የሚለካው) ቧንቧው ውስጥ ደለል ሲጋገር ንባቡ ይወጣል፣ የቧንቧው የብረት ግድግዳ ሲበላ ይወርዳል። በየፈረቃው ቢያንስ አንዴ በሊትር ጣሳ (አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ከሚዛን ላይ በሚሰቀል ጣሳ) ማመሳከር ግድ ነው።

ጣሳው በንጹህ ውሃ ሞልቶ ሲሰቀል ሚዛኑ 1.00 (ኪሎ በሊትር) ያሳይ። ናሙና ሲቀዳ የሚወርደውን ስለሪ (የተፈጨ ድንጋይና የውሃ ድብልቅ) ከዳር እስከ ዳር መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከጠርዙ ብቻ የተቀዳ መላውን አይወክልም። ጣሳው ከሞላ በኋላ ስለሪው ሥር ከቆየ ውሃው እየፈሰሰ ድንጋዩ ይቀራል፣ ንባቡም ከፍ ይላል። አረፋ ዝቅ ያደርገዋል። ከውጭ የተጋገረውን ጭቃ ሳያጥቡ መመዘንም አለ፤ በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ሦስት ጊዜ ቀድታችሁ ልዩነቱ ከ0.02 ካለፈ ሦስቱንም ትታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ስለሪው በሊትር 1.30 ኪሎ፣ ድንጋዩ ራሱ 2.7 ከሆነ ጠጣሩ (ድንጋዩ) በክብደት 36.7 በመቶ ነው። ድንጋዩ 3.2 ቢሆን ግን ያው 1.30 ንባብ 33.6 ማለት ይሆናል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ለየትኛው ድንጋይ እንደተሠራ ጠይቁ።

ጣሳው ካልዋሸ ወደ ወፍጮ የሚመለሰውን ጭነት ያለ ፍሎው ሜትር (የፍሰት መለኪያ) ማስላት ይቻላል። ጠጣሩ በኦቨርፍሎው (ደቃቁ ከሳይክሎኑ በላይ የሚወጣበት) 35፣ በሳይክሎኑ መግቢያ 55፣ በአንደርፍሎው (ሸካራው ከታች ወጥቶ ወደ ወፍጮ የሚመለስበት) 75 በመቶ ነው እንበል። በየአንዳንዱ ውሃውን ለጠጣሩ አካፍሉ፦ 1.857፣ 0.818፣ 0.333። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልዩነት ለኋለኞቹ ሁለት ልዩነት ሲካፈል 2.14 ይመጣል። በሰዓት 100 ቶን ደረቅ ድንጋይ ከገባ 214 ቶን ይመለሳል፣ 71 ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ። የውሃ ሒሳብ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ይህ 71 ሲረሳ ነው። ወፍጮው ውስጥ ጠጣሩ (100 አዲስና 214 ተመላሽ፣ 314 ቶን) 72 በመቶ እንዲሆን 122 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈለጋል፤ ከዚያ ላይ 71ን፣ እርጥበቱ 4 በመቶ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩ ይዞት የመጣውን 4 ሜትር ኩብ ስትቀንሱ፣ በመግቢያው የሚጨመረው 47 ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሉፖቹ፣ ማለትም ለክቶ ራሱ ወደሚያስተካክለው ቁጥጥር። የሰምፑን (ስለሪው ወደ ሳይክሎን ከመገፋቱ በፊት የሚጠራቀምበትን ገንዳ) ሌቭል አንድ ቁጥር ላይ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ሲባል ፓምፑ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፤ የሳይክሎኑ ግፊት አብሮ ይዋዥቃል፤ የፍጨቱ ልቀትም እንደዚያው። ሰምፕ የተሠራው እኮ ሊዋዥቅ ነው! ጌይኑን (ተቆጣጣሪው ለለውጥ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚመልስ የሚወስነውን ቁጥር) ቀንሱ፤ ሌቭሉ ከ40 እስከ 70 በመቶ ቢንሸራሸር ምንም አይደል። ዴንሲቲውን የሰምፑ ውሃ ይያዘው።

አንደርፍሎው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ይውረድ። እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ከወረደ ሸካራው ከታች መውጫ አጥቶ በኦቨርፍሎው ያመልጣል፤ የታችኛው ቀዳዳ ተደፍኖ እንደሆነ እዩ፣ ካልሆነ ሌላ ሳይክሎን ክፈቱ። ጃንጥላው ከመጠን በላይ ከሰፋ ደግሞ ቀዳዳው ተበልቷል፣ ውሃው ወደ ወፍጮ እየተመለሰ ነው።

የወፍጮው ኪሎዋት (ሞተሩ የሚስበው ኃይል) ሲወርድ ባዶ ሆኗል ብሎ ድንጋይ መጨመር ብዙዎችን አሳስቷል። ከልክ በላይ የሞላ ወፍጮም ኪሎዋቱ ይወርዳል፤ ድምፁም ይታፈናል። ለመለየት የሚገባውን ድንጋይ ለጥቂት ደቂቃ ቀንሱ። ኪሎዋቱ ከወጣ ሞልቶ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ድንጋዩን ቶሎ አትመልሱት።