መኪናችሁ የት ሄደ ላላችሁኝ

ፎቶውን ያያችሁ የደብረ ብርሃን ጓደኞቼ «እንግሊዝ አገር ሄዳችሁ በሳይክል? መኪናችሁ የት ሄደ?» ስትሉኝ አመሻችሁ። መኪና አለን። የሄድንበት መንገድ ግን መኪና አያስገባም። ከብሪስቶል ከተማ ወደ ባዝ ከተማ የሚወስድ የድሮ የባቡር መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመንገደኛ ባቡሩ ቀረ፣ በኋላም ሀዲዱ ተነቀለ። መሬቱ ግን ጦሙን አላደረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ጭምር 21 ኪሎ ሜትር የእግርና የሳይክል መንገድ ሆነ። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሕፃንም ሽማግሌም ይነዳበታል።

እኔ ግን ሳይክል አልችልም። ወንድሞቼ ከሰፈር ተከራይተው ሲነዱ እኔ ውሃ እቀዳ ነበር፤ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ወጣች ከተባለማ ወሬው ለሳምንት ይበቃል። የዚያን ቀን የልጄ ጓደኞች ቤተሰብ ሁሉ ሄልሜቱን አስሮ ሲጠብቅ፣ ፀጉራቸው የነጣ አንዲት አያት ባለ ሦስት ጎማ ሳይክላቸውን ገፍተው አመጡልኝ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው የገዙት ነው። ልጄ ይህን ስታይ አንገቷን ደፋች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ሴትየዋ ደግነታቸው ነው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ የልጄ አንገት መድፋት ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ወጣሁበት። ቆሎዬን ፊት ለፊት ካለው ቅርጫት አስቀምጬ ነዳሁ። ስቴፕል ሂል የሚባል ሰፈር ላይ ዋሻ አለ፣ መብራት ተደርጎለታል። ልጆቹ ድምፃቸው ሲያስተጋባ ለመስማት ጮኹ፤ እኛ አውቶቡሱ ጣርማበር ዋሻ ሲገባ እንደምንጮኸው። ቢተን የሚባለው ጣቢያ ስንደርስ ለምሳ አረፍን። እዚያ በጎ ፈቃደኞች የድሮውን የእንፋሎት ባቡር አሁንም ያስኬዳሉ። ፈረንጆቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዳቦ አውጥተው ዝም ብለው መብላት ጀመሩ። እንብላ የሚል የለም። ቆሎውን አዞርኩላቸው፣ ወዲያው አለቀ።

ለመምጣት የምታስቡ እህቶቼ፣ ደላላው ስለ ቪዛና ስለ ሥራ ያወራላችኋል፣ ይህን ግን አይነግራችሁም። እዚህ ሳይክል የድሃ ዕቃ አይደለም። ሰው ሥራ ይሄድበታል፣ ከልጁ ጋር ይውልበታል። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፤ ተከራዩና ልመዱ፣ የሚስቅ ይሳቅ። ዋናም ከቻላችሁ ተማሩ፣ ልጆቻችሁ እዚህ ገንዳ መግባታቸው አይቀርም። እኔን ባለቤቴ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ያለማምደኛል። ጉልበቴ ተላልጧል፣ ግን መሪውን ቀጥ አድርጌ መያዝ ጀምሬያለሁ።