ላቡ ሳይደርቅ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ እሑድ ከሰዓት

የሩጫ ዕቃ የሚያረጀው ቤት ከተገባ በኋላ ነው እላለሁ። ሰው ሮጦ ይመጣል። ሰዓቱን ፈቶ ጠረጴዛ ላይ ይጥላል። የልብ ምት የሚለካበትን የደረት ቀበቶ ከቲሸርቱ ጋር ጠቅልሎ ጥግ ይወረውራል። ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራው ይሮጣል። ላቡ ግን እዚያው ነው። ውሃው ይተንና ጨውና ቅባቱ ይቀራል። በማግስቱ ሌላ ላብ ይደረብበታል። ከዚያ «ዕቃው ጥራት የለውም» ይባላል።

ዛሬ የኔን ዕቃዎች ሁሉ አጥቤ አሰጣሁ። እሑድ እሑድ ጠበቅ አድርጌ አጥባለሁ፤ በሌላው ቀን ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። እናቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ገብስ ትለቅማለች። በየመሃሉ ቀና ብላ ታየኛለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደግሞ የምኑ መቀነት ነው?» አለችኝ።

ልብ የሚቆጥር ነው አልኳት።

«ልብሽን ራስሽ አታውቂውም?»

እውነቷን ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ለመሮጥ ሰዓት ጠይቆ አያውቅም። ጌጤ ዋሚ የወጣችው ከዚሁ ከጫጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2000 ደግሞ ከሲድኒ ኦሎምፒክ በዚሁ ርቀት ብር፣ በ5,000 ነሐስ ይዛ ተመለሰች። እዚያ የደረሰችው የእጇ አንጓ እየነዘረ ፍጥነቷን ነግሯት አይደለም። እኔ ግን ጌጤ አይደለሁም። ቢሮ የምውል፣ ጠዋት በጠባሴ በኩል ወጣ ብዬ የምመለስ ሰው ነኝ። ቁጥር ካላየሁ ወይ እፈጥናለሁ ወይ እለግማለሁ።

ደግሞስ የደረት ቀበቶ ምን ያደርግልሻል፣ ሰዓት አለሽ አይደል የሚሉኝ አሉ። ነገሩ ከብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ወቅት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ነው የሚጠብቀን። ከእጅ ሰዓት ጀርባ ያለው አረንጓዴ መብራት የልብ ምትን የሚያነበው በቆዳ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ ነው። ሰውነት ሲበርደው የእጅና የእግር የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ደሙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። መብራቱ የሚያየው ነገር ያጣል። ስለዚህ በብርድ ዳገት እየወጣ ያለ ሰው ሰዓቱ 90 ቢለው አይገረም። ቀበቶው ግን የሚያነበው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ብርዱ እንደዚያ አይጫወትበትም።

እሱም ቢሆን የራሱ አመል አለው። በውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ጥቁር ንጣፎች ኤሌክትሮድ ይባላሉ። ደረቅ ከሆኑ በደንብ አያነቡም። በዚህ ደረቅ ወር፣ ከላይ ደግሞ የናይለን ቲሸርት ከተለበሰ፣ ገና ከግቢ ሳይወጣ 200 ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ከልብ አይደለም። ቲሸርቱ ሲፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ነው፤ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጥ የሚለው ያው ነገር። ንጣፎቹን ውሃ ማስነካት ነው መፍትሔው። ውሃው ለብ ይበል ብቻ። በውርጭ ጠዋት ቀዝቃዛ ቀበቶ ደረት ላይ ሲያርፍ ምን ዓይነት ጩኸት እንደሚወጣ ጎረቤቶቼ ይመሰክራሉ።

ከሩጫ መልስ መጀመሪያ የማደርገው ቀበቶው ላይ በአዝራር የተያያዘችውን፣ ምቱን ወደ ሰዓቱ የምትልከውን ትንሿን መሣሪያ መንቀል ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ መሣሪያዋ ሰው የለበሳት ይመስላታል። ስትሠራ ታድራለች፣ ባትሪው በከንቱ ያልቃል። አዝራሮቹም በላብ መሃል ተቆልፈው ካደሩ ይዝጋሉ።

ከዚያ ቀበቶውን ቧንቧ ሥር ይዤ ንጣፎቹን በአውራ ጣቴ አሻለሁ። መጀመሪያ ላይ ያሟልጫል። የሰውነት ቅባት ነው። በውሃ ብቻ ማሟለጩ አይለቅም። እሑድ ነውና ዛሬ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨመርኩበት። ቀስ እያለ ጣቴን ይይዝ ጀመር፤ ከዚያ ጪጭ አለ። ጪጭ ሲል ነጽቷል። ግን እዚያ ላይ ማቆም አይገባም። ሳሙናው ራሱ መውጣት አለበት። ንጣፉ ላይ የቀረ ሳሙና በማግስቱ ከላብ ጋር ተደባልቆ ደረት ሲያሳክክ ይውላል።

በረኪና በፍጹም። ላስቲኩን ይበላዋል። የልብስ ማለስለሻም እንዲሁ፤ ንጣፉ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ይሄዳል። ማጠቢያ ማሽን ያለው ሰው መሣሪያዋን ነቅሎ ጨርቁን ብቻ ሊያጥብ ይችላል፤ ስንት ዲግሪ እንደሚችል መመሪያው ላይ ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 40 ነው። መጠምዘዝና መተኮስ ግን የለም።

ስለ ቫዝሊን ደግሞ ልናገር። እዚህ ብርዱ ከንፈርና ፊት ስለሚሰነጥቅ ቫዝሊን የሌለበት ቤት የለም። የሚሮጥ ሰው የሚፋተግበትን ቦታ ሁሉ ይቀባል። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም እቀባለሁ። ነገር ግን ንጣፉ የሚያርፍበት ቆዳ ላይ ከተቀባ ቅባቱ ምልክቱን ያፍነዋል። የላስቲኩ ጠርዝ በሚፈገፍግበት ቦታ ብቻ ነው መቀባት።

ወደ ሰዓት እንሂድ። የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን ከገዛ ጀምሮ አውልቆት አያውቅም። ይተኛበታል፣ ገላውን ይታጠብበታል። በቀደም እጁን አሳየኝ። ማሰሪያው ያረፈበት ቦታ ቀልቶ ጥቃቅን ሽፍታ አውጥቷል።

«ጎማው አልተስማማኝም፤ አለርጂ ነኝ መሰለኝ» አለኝ።

ሊሆን ይችላል። ግን ማሰሪያውን አስወልቄ ስገለብጠው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ጨው ነው፣ ሳሙና ነው፣ የቆዳ እድፍ ነው።

«አንተ፣ ይሄን ተሸክመህ ነው አለርጂ የምትለው?» አልኩት። ሳቀ።

በጎማ ሥር የታፈነ ላብና ሳሙና ቆዳን ለማስቆጣት ራሱ ይበቃል። ማሰሪያውንም አንጓውንም አጥቦ፣ ሁለቱንም አድርቆ ማሰር ነው። ስንሮጥ ጠበቅ እናደርገዋለን፣ ካልጠበቀ አያነብም፤ ስንጨርስ ግን ላላ ይበል። አንዳንዴ ወደ ሌላው እጅ ማዞርም ይረዳል። በዚህ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው። የሱ ለቋል። ሰዓቱ ቀኝ እጁ ላይ ሲሆን ግን የተዋሰው ዕቃ እንደሚመስለው ይነግረኛል።

«50 ሜትር ተብሎ ተጽፎበታል፣ ውሃ ምን ያደርገዋል?» የሚለውም እሱ ነው። 50 ሜትር ማለት እዚያ ጥልቀት ላይ ያለውን የረጋ ውሃ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ስለ ሙቅ ውሃ፣ ስለ እንፋሎትና ስለ ሳሙና የሚለው ነገር የለም። ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው ቀጭን ጎማ ደግሞ በነዚህ ነው የሚደክመው።

ቻርጅ ማድረጉ ላይ የኛ አገር ችግር ይጨመራል። መብራት ሄዶ ይቆይና ድንገት ሲመጣ ሁሉም ሰው ያለውን ይዞ ወደ ሶኬት ይሮጣል። ሰዓቱ ገና በላብ እንደራሰ ይሰካል። ከጀርባው ያሉት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ላይ ጨዋማ እርጥበት እያለ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው ይበላሉ፤ መጀመሪያ ይጠቁራሉ፣ በኋላ እስከነጭራሹ እምቢ ይላሉ። ገበያው አጠገብ ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ይህን በሁለት ቃል ነው የጨረሱልኝ፤ «ላብ ጨው ነው የኔ ልጅ። ብረት ይበላል።» እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ሶኬት። መብራቱ እስከዚያ ድረስ ከሄደም ይሂድ።

የጆሮ ማዳመጫ ላይ የኛ ቤት ጠላት ቅቤ ነው። እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ፀጉሬን ለጋ ቅቤ ካልቀባች ደስ አይላትም። ሮጬ ሲሞቀኝ ቅቤው ይቀልጥና በጆሮዬ በኩል ይወርዳል። ከዚያ የድምፅ መውጫዋን ወንፊት ይደፍናታል። አንዱ ጆሮ ድምፁ ሲቀንስ ተበላሸ ብሎ ከመጣል በፊት ወንፊቷን ማየት ነው። ለስላሳዎቹን የጎማ ጫፎች አውልቄ በሳሙና ውሃ አጥባቸዋለሁ። ዋናው አካል ግን ውሃ አይገባም። ወንፊቷን ወደ ታች ደፍቼ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጌ አራግፋለሁ። ወደ ላይ ከተያዘ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። አይፒኤክስ 4 የሚል የውሃ መቋቋም ደረጃ ከተጻፈበት የሚችለው ፍንጣቂ ነው፤ ቧንቧ ሥር ይያዝ ማለት አይደለም።

ማድረቁ ላይ ግን እናቴ ከኔ ትበልጣለች። የመንዝ ሰው ናት። ባና ሲታጠብ፣ ሲሰጣ፣ ሲታጠፍ ያደገች። ቀበቶውን ፀሐይ ላይ ላሰጣ ስል «ጥላ ላይ! ፀሐይ ይጨርሰዋል» አለች። ልክ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርድ ነው እያልን የምንዘነጋት የደብረ ብርሃን ፀሐይ ላስቲክንም ቀለምንም ትበላለች። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማድረቅም ሙጫውን ያላቅቀዋል። ውጭ ማሳደር ደግሞ በዚህ ወር አይታሰብም፤ ገመድ ላይ ያደረ ጓንት ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ነው የሚገኘው። ነፋስ ያለበት ጥላ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከማታ በፊት ማስገባት። በቃ።

«እንዶድ ላምጣልሽ?» ብላኝም ነበር። እሷ ለነጠላና ለጋቢ ከሳሙና ይልቅ እንዶድ ታምናለች። እንዶድ ሲነሳ ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ማንሳት ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው እሱ ነው። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያሳየው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ለቀበቶዬ ግን አልተቀበልኳትም። ላርጎውን ለምጄዋለሁ።

የመነጽሩ ነገር አጭር ነው። በቲሸርት ጠርዝ በደረቁ መጥረግ የለም። መጀመሪያ ውሃ፣ አቧራው ይውረድ፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ። አሁን አጨዳ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ የጭድ ብናኝ ነው፤ ያ ብናኝ በደረቁ ሲፈተግ መስታወቱን ይጭረዋል። ኮፍያዬን በእጄ አጥቤ የወጥ ሳህን ላይ ደፍቼ አደርቀዋለሁ፣ ቅርጹን እንዲይዝ። እናቴ ሳህኑን ስታይ ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም።

የቀበቶዋ ባትሪ ደክሟል መሰለኝ፣ ሰሞኑን መሃል ላይ ትጠፋለች። ነገ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ አለ። 2032 አምጣልኝ ብዬ ቁጥሩን ጽፌ ልኬለታለሁ። ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ማለት ነው። 2025 ቢያመጣልኝ ስፋቱ ያው ሆኖ ውፍረቱ 2.5 ነው፤ እዚያ ውስጥ ይንገዳገዳል። ስቀይር ክዳኗ ሥር ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት በደረቅ ሶፍት ጠርጌ እመልሳታለሁ። እሷ ከተጣመመች የዛሬው እጥበት ሁሉ ውሃ ማስገባት ይሆናል።