የቲቢ ላም ሲገኝ «ሽጣት» ለሚሏችሁ

ሱሉልታ ላይ የወተት ላሞች አረባለሁ። ይህን የምጽፈው የፈረንጅ ላም ገዝቶ በረት ለመሙላት ያሰበ ሰው ቀድሞ እንዲያውቀው ነው። እኔን የነገረኝ የለም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ላጭቶ የቆዳውን ውፍረት ይለካል። አንዱ ላይ የከብት፣ ሌላው ላይ የወፍ ቲቢ ቱበርክሊን፣ ማለትም ከቲቢ ጀርም የሚሠራ የመመርመሪያ ፈሳሽ፣ ይወጋል። በ72 ሰዓቱ ተመልሶ ይለካል። የከብቱ እብጠት ከወፉ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠ ተይዛለች ማለት ነው።

የእኔም ላሞች ተመርምረው የተያዙ ተገኙ፤ መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተያዙት አንዷ በረቱ ውስጥ እንደሷ ብዙ የምትታለብ አልነበረችም። ሳል የላት፣ አልከሳች፤ መኖዋን ጥርግ አድርጋ ትበላለች። እብጠቱን በእጄ ዳብሼ ነው ያመንኩት። የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ካሳ የለም። እሺ፣ ምን ላድርጋት? «ሽጣትና ተገላገል።» ለማን? ዝም። ባለሙያ ተብሎ የተቀመጠ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ! እስካሁን ያንገበግበኛል። ወዲያው ደላላ መጣ። «ሩቅ ነው የምወስዳት፣ ማንም አያውቅም» አለኝ። በሽታው ከበረት በረት የሚዞረው እኮ እንዲህ ነው። አልሸጥኩለትም። ቄራ ወስጄ ለሥጋ መርማሪው ነገርኩት። ሳንባዋ ሲሰነጠቅ ውስጡ ደረቅ አይብ የመሰለ እባጭ ነበር። ኪሳራው ከባድ ነው፤ ግን የሰው በረት ባለመበከሌ እኮራለሁ።

አዲስ ላም ከገዛችሁ ለብቻ አቆዩ፤ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ድጋሚ አስመርምሩ። ገና የወለደች ላም ምርመራው ላይ ነጻ መስላ ልታልፍ ትችላለች።

«ወተቱን አፍሉ» የሚለው ምክር አይበቃም። ማፍላት ጠጪውን ያድናል። አላቢው ግን የላሟን ትንፋሽ ነው የሚስበው። ላሞቹን የሚያልቡልኝ ሠራተኞች ለሙቀት ብለው በረት ውስጥ ነበር የሚያድሩት፤ ለብቻ ክፍል ሠራሁላቸው። የበረቱንም ግድግዳ ከጣሪያው ሥር ከፈትኩት። ጎረቤት ላሞቹን ብርድ ይገድላቸዋል አለ፤ አንድም አልሞተችም።

ሠራተኞቹን ሁሉ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። አንዱ ተገኘበት። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ 6 ወር ይወሰዳል። ደመወዙን አልቆረጥኩም፤ ከተቆረጠበት የሚቀጥለው ሰው ሳሉን ይደብቃል። እስኪሻለው በረት አላስገባሁትም፣ ሰውም ላምን ያስይዛልና። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ከላም ጋር እንደምትውሉ ሳትጠየቁ ተናገሩ። የተለመደው የአክታ ምርመራ የከብቱን ቲቢ ከሰዉ አይለይም፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ ደግሞ የከብቱን አይነካውም።