«ፓስ አውት» ሌላ፣ «ፓስ አዌይ» ሌላ፦ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ እንዴት ገባኝ

አገር ቤት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። ድርሰት እጽፋለሁ፣ ቴንስ አልስትም፣ «ኢንቨስቲጌት» እና «ፖስትፖን» ለኔ ብርቅ አልነበሩም። አሜሪካ፣ ዋሺንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቼ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆኜ ስገባ ግን የሺፍት ሪፖርቱ፣ ተረኛ ለተረኛ የሚያስረክብበት ወሬ፣ ሌላ ቋንቋ ሆኖ ጠበቀኝ። ተረኛዋ ነርስ ወረቀቷን ይዛ ትንበለበላለች። «ሂዝ ኒ ኢዝ አክቲንግ አፕ»። «ዘ ፔይን ሜድ ዎር ኦፍ»። «ሺ ኢዝ ካሚንግ ዳውን ዊዝ ሰምቲንግ»።

ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚጠፉብኝ። ጉልበቱ ቲያትር ይሠራል? መድኃኒቱ ምን ለብሶ ነው? ነገሩ ለካ ቀላል ነው፤ የሰውዬው ጉልበት አስቸግሮታል፣ የማስታገሻው ኃይል አልቋል፣ ሴትዮዋን ደግሞ አንድ ነገር ሊጀምራት ነው።

እኛ የምንሠራበት ቤት ይሄ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ አይደለም። «ሺ ፓስድ አውት» ማለት ራሷን ሳተች ነው። «ሺ ፓስድ አዌይ» ማለት አረፈች ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ጭራ ብቻ ናት። የመጀመሪያውን የሰማ ሮጦ ነርስ ይጠራል። ሁለተኛውን የሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቤተሰብ እስኪመጣ ክፍሉን ያሰናዳል።

ስለዚህ ማጥናት ከመጀመሬ በፊት አንድ ልማድ ያዝኩ። የሰማሁትን በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ዩ ሚን ሺ ፌይንትድ?» ማንም አልሳቀብኝም። ነርሶቹ ራሳቸው ሐኪም በስልክ ትእዛዝ ሲሰጣቸው ቃል በቃል መልሰው ያነቡለታል። በዚህ ሙያ ደግሞ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ሐበሾች «አልገባኝም» ማለት ስለሚከብደን ራሳችንን ነቅንቀን እናልፋለን። እዚህ ቤት ግን መነቅነቅ አደገኛ ነው።

ከዚያ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑና ሊቃውንቱ ቀድሞም ላቲን ላይ ነበሩ። ገበሬው የድሮ እንግሊዝኛውን ይዞ ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ ለአንድ ሥራ ሁለት ቃል የሚገኘው። ሊቁ «ቮሚት» ሲል ገበሬው «ትሮው አፕ» ይላል። ሊቁ «ቶለሬት» ሲል ገበሬው «ፑት አፕ ዊዝ»። «ፖስትፖን» ለአንዱ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላው። «ኢንቨስቲጌት» እና «ሉክ ኢንቱ»ም እንደዚያው። መጽሐፋችን ያስተማረን የሊቁን ነው። ሪፖርት ላይ የሚነገረው የገበሬው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ «እንግሊዝኛ አልችልም» ማለት ተውኩ። የቀረኝ ግማሹ ነው።

ግማሹን ለመሙላት መጀመሪያ የሞከርኩት እንደ ሁሉም ሰው ዝርዝር ነበር። ስልኬ ላይ በፊደል ተራ የተደረደሩ ፍሬዛል ቨርቦች (እንዲህ ያሉ ግሦች ከነጭራቸው) አውርጄ በአውቶቡስ እሸመድዳለሁ። «ጌት» ላይ ስደርስ አለቀልኝ። «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦፍ»፣ «ጌት ኦቨር»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት አሎንግ»፣ ገና ይቀጥላል። የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ማጥናት እርስ በርስ ያደበላልቃቸዋል። ሠራተኛ ሰው ደግሞ ደብል ሺፍት ሠርቶ ሲወጣ ለዝርዝር የሚሆን ጭንቅላት የለውም።

ነገሩን የገለጡልኝ እትዬ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ከኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ነው የመጡት። በእረፍት ሰዓት ዝርዝሬን አዩና ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ‹ቁጭ አለ› ስትዪ ‹ምን አለ?› ብለሽ ትጠይቂያለሽ?»

«አልጠይቅም።»

«የኔ ልጅ ግን ትጠይቃለች። እዚህ ነው የተወለደችው። ‹ቁጭ አለ›፣ ‹ብድግ አለ›፣ ‹ዝም አለ› ስላት፣ ‹እማዬ፣ ዝም ካለ እንዴት አለ?› እያለች አሳበደችኝ። እነሱም የኛን እንዲሁ ነው የሚቸገሩት። ሁለቱን ቃል አንድ አድርገሽ ያዢው።»

እውነታቸውን ነው። አማርኛችን ራሱ በእንዲህ ዓይነት ጥንድ ቃል የተሞላ ነው፤ ለየብቻ ሲፈቱት ትርጉም የማይሰጥ፣ አብሮ ሲሆን ግን ልክ የሚሆን። ዝርዝሩን ጣልኩና ማጣመር ጀመርኩ። «ሾው አፕ» ማለት ከች አለ። «ዶዝ ኦፍ» ማለት ሸለብ አደረገው። «ተርን ኦፍ» መብራቱን ድርግም አደረገ። «ካም ኦፍ» ውልቅ አለ። «ኢት አፕ» ጥርግ አድርጎ በላ፣ «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። «ጊቭ አፕ» እጅ ሰጠ። «እጅ ሰጠ» ስንል ስለ እጅ የሚያስብ ማን አለ?

ደብተሬንም በፊደል ሳይሆን በሥራዬ ከፋፈልኩት። አንዱ ገጽ የእራት ሰዓት፣ አንዱ የመኝታ፣ አንዱ የሕመም፣ አንዱ የሺፍት ወሬ። ከነርስ ወይም ከአረጋውያኑ አፍ የሰማሁትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ፊት ለፊቱ የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሳይሆን እኔ እቤቴ የምለውን አማርኛ አስቀምጣለሁ። አነጋገሩን መስማት ስፈልግ ዩግሊሽ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ሐረጉን ሲጽፉለት ዩትዩብ ላይ ሰዎች የተናገሩበትን ቦታ እያወጣ ያሰማል። ነፃ ነው፤ ለኔ ከዝርዝሩ ሁሉ የተሻለ ጠቅሞኛል።

ጭራዎቹ የራሳቸው ጠባይ አላቸው። «አፕ» ብዙ ጊዜ ነገሩ ፈጽሞ ማለቁን ያሳያል፤ «ዩዝ አፕ»፣ «ክሊን አፕ»። «ኦን» መቀጠልን፤ «ጎ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»። ጓንት ሲያልቅ «ዊ ራን አውት» ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አትመኗቸው። ፎርም «ፊል ኢን» አሉት «ፊል አውት» ያው መሙላት ነው። «ኮል ኢን ሲክ» እና «ኮል አውት»ም ሁለቱ ዛሬ አልመጣም ማለት ናቸው። የሺፍት ፕሮግራም ለምታወጣው ሴትዮ ከሁለቱ የትኛውም መርዶ ነው።

ጆሮዬን የከፈተልኝ ግን ድምፁ ነው። እኛ ግሡን ጠንከር አድርገን ጭራውን እንውጠዋለን። እነሱ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። «ቴክ ዜም ኦፍ» ሲሉ ክብደቱ «ኦፍ» ላይ ነው። ስለዚህ ፈጣን ተናጋሪ ሲገጥመኝ መጀመሪያ ጭራውን ነው የማድነው። የቃሉ ቦታም አለ። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ይባላል፣ «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ»ም ይባላል። ጫማ የሚለው ስም «ዜም» ሲሆን ግን መሃል መግባቱ ግድ ነው። «ሉክ አፍተር» ደግሞ ከነጭራሹ አይከፈልም። እነዚህን እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ዜማ ነው የያዝኳቸው፣ ከነዓረፍተ ነገራቸው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኦክስጅን «ሁክ አፕ» ማድረግ የሥራ ቃል ነው። ከሰው ጋር «ሁክ አፕ» ማድረግ ግን የመኝታ ወሬ ነው፤ ከባልደረባ ጋር ተገናኘሁ ለማለት እንዳትጠቀሙበት።

ፈሊጦቹን ያስተማረኝ ቤዝቦል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ብዙ ጊዜ ጨዋታ ላይ ነው። ዋሺንግተን የናሽናልስ ቡድንን ያገኘችው በ2005 ቢሆንም አረጋውያኑ ጨዋታውን ከልጅነታቸው ነው የሚያውቁት። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህር እራት ሳበላቸው እየተነተኑ ያስረዱኝ ነበር። «ሬይን ቼክ» በ1880ዎቹ ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን የሚያገለግል ትኬት ነበር። ዛሬ «አይስክሬም ላምጣ?» ስላቸው «አይል ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ይሉኛል፤ ዛሬ ይለፈኝ፣ ሌላ ጊዜ ማለታቸው ነው። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምት ነው። «ተች ቤዝ» ጎራ ብሎ መነጋገር ነው። ጨዋታውን ሳያዩ እነዚህን መሸምደድ ይከብዳል። ካዩት በኋላ ግን አይረሱም።

ፈሊጥን በተመለከተ አቋሜ ይሄ ነው፤ ብዙ ስሙ፣ ጥቂት ተናገሩ። የአገር ቤት መምህሮቻችን የሚወዱት፣ ዶፍ ዘነበ ለማለት የሚባለው የድመትና የውሻ ዝናብ እዚህ ሥራ ቦታ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። «አንደር ዘ ዌዘር» ግን የየቀን ነው፤ አሞኛል፣ ደብሮኛል ለማለት። «ኪክ ዘ በኬት»ን አረጋውያኑ በራሳቸው ላይ እየቀለዱ ይሉታል። ከኔ አፍ ግን አይወጣም። እኛ «ክልትው አለ» እንደምንለው ነው፤ ለሐዘንተኛ ቤተሰብ የሚነገር አይደለም። «ብሬክ ኤ ሌግ» ቃሉ እግርህን ስበር ቢሆንም መድረክ ላይ ለሚወጣ ሰው መልካም ምኞት ነው። የዳሌ ስብራት በሚታከምበት ቤት ማን ይደፍረዋል?

የትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛም አልከሰረም። ለነርሷ በቃል «ሺ ትሪው አፕ» እላታለሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ግን «ቮሚትድ» ብዬ ነው የምጽፈው። እዚያ ላይ እኔ ፈጣን ነኝ፤ እዚህ የተወለዱት ባልደረቦቼም ፊደል አጻጻፍ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

አሁን አዲስ ሐበሻ ሲቀጠር ሪፖርት ላይ አጠገቡ እቆማለሁ። «ፓስ አውት»፣ «ፓስ አዌይ»፣ «ትሮው አፕ» እና «ኮል አውት»ን ከመጀመሪያው ሺፍት በፊት እነግረዋለሁ። «ጌት»ን ለኋላ ተወው እለዋለሁ። እኔም ገና አልጨረስኩትም።